ቤት ለማየት የተፈቀደ መንገድ፦ የ2020 የእንግሊዝና የዌልስ ገደብ እንደ ታሪክ ምንጭ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለታሪክ ንግግር ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በወረርሽኝ ጊዜ የሚሸጥ ቤት ለማየት መጓዝ። የመረጥኩት ስለ ጉዳዩ የሚናገረው ሰነድ ያልተለመደ ግልጽነት ስላለው ነው። ሰነዱ የእንግሊዝ የኮሮና ገደብ ደንብ ነው። ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ማርች 23 ቀን 2020 ምሽት በቴሌቪዥን ቀርበው ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዙ። ትእዛዙ የሕግ ጉልበት ያገኘው ከ3 ቀን በኋላ በወጣው ደንብ ነው። የደንቡ 6ኛ አንቀጽ ማንም ሰው በቂ ምክንያት ሳይኖረው ከሚኖርበት ቤት እንዳይወጣ ይከለክልና በቂ የሚባሉትን ይዘረዝራል፤ ምግብ መግዛት፣ ሕክምና፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ ከቤት ሆኖ ሊሠራ የማይችል ሥራ፣ ቀብር። ለታሪክ አጥኚ ይህ ዝርዝር ውድ ነገር ነው። መንግሥታት የትኛውን የሕይወት ጉዳይ እንደሚያስቀድሙ እንዲህ በተራ ጽፈው አያስቀምጡም፤ ንግግራቸውን፣ በጀታቸውንና ዝምታቸውን እያገጣጠምን ነው የምንገምተው። እዚህ ግን አንድ ዜጋ ከደጁ ሲወጣ ምን ብሎ መመለስ እንደሚችል ተለይቶ ሰፍሯል። ያለ በቂ ምክንያት የተገኘ ሰው የመጀመሪያ ቅጣቱ 60 ፓውንድ ነበር።

በማርቹ ዝርዝር ውስጥ ቤትን የሚመለከት አንድ ሐረግ አለ፤ የግድ ሲያስፈልግ ከቤት ወደ ቤት መዛወር። የሚሸጥ ቤት ለማየት መሄድ ግን አልተጠቀሰም። የዚህ ልዩነት ምክንያት የሚገባን የአገሩን የቤት ሽያጭ አሠራር ስናውቅ ነው። በእንግሊዝ በዋጋ መስማማት ብቻውን አያስርም፤ ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ገዢውም ሻጩም ሐሳቡን መለወጥ ይችላል። ሻጩ ብዙውን ጊዜ ራሱ የሌላ ቤት ገዢ ነው፤ የዚያኛውም ቤት ሻጭ እንዲሁ። ሰንሰለት ይሉታል፤ አንዱ ቀለበት ሲበጠስ ከኋላውና ከፊቱ ያለው ሁሉ ይቆማል። ደንቡ በዚህ ሰንሰለት መካከል የተያዙትን ሜዳ ላይ ላለመጣል ጠባብ መንገድ ተወላቸው።

ሜይ 13 የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ ቀን በሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ የሚሸጥና የሚከራይ ቤት ማየትን፣ የቤት ደላላ ቢሮ መሄድንም በዝርዝሩ ውስጥ አስገባ። የርቀት ወሰን አላበጀለትም፤ የለንደን ነዋሪ እስከ ኮርንዎል ሄዶ ቤት ማየት ይችል ነበር። መንግሥት ዕቅዳቸው የተሰናከለባቸው ገዢዎችና ተከራዮች ከ450,000 በላይ እንደሚገመቱ ገለጸ። የመጀመሪያው ቅጣትም በዚያው ዕለት ወደ 100 ፓውንድ አደገ፤ ጥፋቱ ሲደጋገም እስከ 3,200 ፓውንድ ይደርሳል።

የውሳኔው ተሟጋቾች የሰንሰለቱን ችግር ሲያነሡ እሰማለሁ። አያሳምነኝም። ሰንሰለቱ የሚያስረዳው የማርቹን ሐረግ ነው፤ ገና ቤት መፈለግ የጀመረ ሰው በምንም ሰንሰለት ውስጥ የለም። ሜይ ላይ የታሰበው ለገበያው፣ በእርሱም ለሚኖሩት ለደላላው፣ ለጠበቃው፣ ለአበዳሪ ባንኩና ለዕቃ አጓጓዡ ነው። ይህን በነቀፌታ አልናገርም፤ የእነዚህ ሰዎች እንጀራም እንጀራ ነው። ነገር ግን በማርች መጨረሻ በእንግሊዝና በዌልስ ፍርድ ቤቶች ተከራይን የማስወጣት ክሶች ታግደው ነበር፤ በኤፕሪል አገራችን ያወጀችው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያም አከራዮች ተከራይ እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ ከልክሏል። እነዚህ ሕጎች ቤትን በቅድሚያ መጠለያ አድርገው ተመለከቱት። በሜይ 13ቱ ማሻሻያ የቤት ሸቀጥነት ተመልሶ መጣ።

ይህን ከሁሉ አስቀድሞ ያስተዋለው የሕዝቡ ቀልድ ነው። በዚያ ሳምንት አንድ እንግሊዛዊ አብሮት ከማይኖር ሰው ጋር የሚገናኘው ከቤት ውጭ፣ ያውም ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር። እናቱን ለመጠየቅ ቤቷ መግባት አይፈቀድለትም፤ ቤቱን ለሽያጭ ብታወጣው ግን ገዢ ነኝ ብሎ ክፍሉን ሁሉ ሊዞር ይችላል። ቀልዱ አንድ ነገር ዘንግቷል። የመንግሥት መመሪያ ቤቱ ሲጎበኝ የውስጥ በሮች ሁሉ እንዲከፈቱ፣ ነዋሪዎቹም ወደ ጓሮ ወይም ለእግር ጉዞ እንዲወጡ ይመክር ነበር። ስለዚህ ልጅየው ሊያይ የተፈቀደለት ቤቱን እንጂ እናቱን አይደለም።

ወደ ዌልስ ልሻገር። ጤና በየአካባቢው መንግሥት ሥልጣን ሥር በመሆኑ ዌልስ የራሷን ደንብ ታወጣ ነበር፤ እንግሊዝ መንገዱን ስትከፍት እርሷ ዘግታ ቆየች። ሰው የሌለበትን ቤት ማየት የፈቀደችው ጁን 22 ነው፤ ያም ሆኖ እስከ ጁላይ 6 ሕዝቡ ከሰፈሩ እንዳይርቅ ትከለክል፣ በግምት ከ5 ማይል እንዳያልፍም ትመክር ነበር። በድንበሩ ላይ ያለችውን ናይተንን አስቡ። ከተማዋ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ በኦፋ ስም በሚጠራው የአፈር ካብ ላይ የተሠራች ናት፤ አብዛኛው ክፍሏ በዌልስ፣ የባቡር ጣቢያዋ ግን በእንግሊዝ ምድር ይገኛል። በሜይ መጨረሻ ቤት ሊያይ ከባቡር የወረደ እንግሊዛዊ ጣቢያው ላይ ሕጋዊ መንገደኛ ነው፤ ወደ ከተማዋ መሀል ጥቂት ሲራመድ ሕግ ተላላፊ ይሆናል።

የዌልስን ጥንቃቄ ከበሽታው ብቻ ማየት ታሪኩን ማጉደል ይመስለኛል። እዚያ ቤት ሊገዛ የሚመጣ እንግሊዛዊ ተራ ገዢ ተደርጎ አይታይም። ከ1979 መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ራሱን የግሊንዱር ልጆች ብሎ የሚጠራ ስውር ቡድን እንግሊዞች ለዕረፍት የገዟቸውን 200 ያህል ቤቶች አቃጥሏል። የቡድኑ ተግባር ወንጀል ነበር፤ የተነሣበት ቅሬታ ግን፣ የመንደሩ ልጅ በተወለደበት መንደር ቤት መግዛት አቅቶት ቋንቋውም ከመንደሩ ይጠፋል የሚለው፣ ከቡድኑ በኋላም ኖሯል።

የ2020 ክረምት የግብር ውሳኔዎች ይህን ልዩነት ያሳያሉ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሪሺ ሱናክ ጁላይ 8 የቴምብር ቀረጡን እስከ 500,000 ፓውንድ ድረስ ሲያነሡ፣ በእንግሊዝ ሁለተኛ ቤት የሚገዛውም ተጨማሪውን 3 በመቶ እየከፈለ ከቅናሹ ተጠቃሚ ሆነ። የዌልስ መንግሥት በጁላይ 27 በሥራ ላይ ያዋለው እፎይታ እስከ 250,000 ፓውንድ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛ ቤት ገዢዎችንም አላካተተም። እንግሊዝ በኖቬምበር ዳግም ስትዘጋ ቤት ማየት ከበቂ ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ቀጠለ። ዌልስ ደግሞ ዲሴምበር 22 በሁለተኛ ቤት ግዢ ላይ የሚከፈለውን ግብር በ1 በመቶኛ ነጥብ ጨመረች፤ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮም የአካባቢ ምክር ቤቶች በሁለተኛ ቤቶች ላይ በመደበኛው የቤት ግብር ላይ እስከ 300 በመቶ ተጨማሪ እንዲጥሉ ሥልጣን ሰጠቻቸው።