የማይታየውን መስክ የገለጠው ሞገድ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ሳንሱሲ ላይ ቆሞ በጠራ ሌሊት ሰማዩን ለሚመለከት ሰው፣ የከተማው መብራት ካልጋረደው፣ ፍኖተ ሐሊብ ነጭ ጭጋግ መስሎ ይታየዋል። በከዋክብቱ መካከል ግን ዓይን ፈጽሞ የማያየው ማግኔታዊ መስክ ተዘርግቶ ይገኛል። ኃይሉ የአዲስ አበባ ምድር ካለው ማግኔታዊ መስክ በአሥር ሺዎች እጥፍ ያነሰ ነው። ይህን ረቂቅ ነገር ለማወቅ የተደረገው ጥረት፣ አንድ ሊቅ ብቻውን የፈጸመው ሳይሆን የብዙ አገሮች ሠራተኞች የደከሙበት የጋራ ሥራ ነው።

መነሻው ተራ የሥራ ችግር ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ካርል ጃንስኪ አትላንቲክን የሚሻገረውን የሬዲዮ ስልክ የሚያውከው ጩኸት ከየት እንደሚመጣ ሲያጣራ፣ ከፊሉ ከፍኖተ ሐሊብ የሚመነጭ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1933 ይፋ አደረገ። የጩኸቱ ምክንያት ግን ለዓመታት ሳይታወቅ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1950 ጀርመናዊው ካርል ኦቶ ኪፐንሆየር፣ ከእርሱም በኋላ የሶቪየት ኅብረቱ ቪታሊ ጊንዝቡርግ፣ ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጉ ኤሌክትሮኖች በማግኔታዊ መስክ ዙሪያ እየተጠማዘዙ ሲጓዙ የሬዲዮ ሞገድ እንደሚያመነጩ አስረዱ። አባባላቸው እውነት ከሆነ፣ ሞገዱ በየአቅጣጫው ሳይሆን ከመስኩ ጋር ቀጤ ነክ በሆነ አቅጣጫ አድልቶ መርገብገብ ነበረበት። ይህም ፖላራይዜሽን ይባላል።

ማስረጃው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። በኔዘርላንድ፣ በ1956 በተመረቀው የድዊንገሎ 25 ሜትር ቴሌስኮፕ የሠሩት ተመራማሪዎችና የእንግሊዝ ካምብሪጅ ባልደረቦቻቸው፣ የሞገዱን አቅጣጫ ለመለካት ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 ብራውና ስፑልስትራ የተባሉት ሆላንዳውያን የሰሜኑን ሰማይ በአምስት የሞገድ ድግግሞሾች ለክተው ውጤቱን አሳተሙ። ከፍኖተ ሐሊብ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣው ግዙፍ ቅስት፣ የመስኩን አካሄድ ተከትሎ በግልጽ ታየ። ቅስቱ ለፀሐይ ቅርብ ነው ወይስ ከጋላክሲው እምብርት የወጣ ነው የሚለው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ሥራውን ያከበደው ሌላ ምክንያትም ነበር። ሞገዱ መግነጢስ ባደረበት ጋዝ ውስጥ ሲያልፍ አቅጣጫው ይዞራል፤ ሞገዱ በረዘመ መጠንም መዞሩ ይበረታል። በልዩ ልዩ ድግግሞሾች መለካት ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። የመጨረሻው መሰናክል ደግሞ ከምድር በላይ ያለው አዮኖስፌር ነው። የእርሱን ጥምዘዛ ለመቀነስ የምድርን መስክ ማወቅ ግድ ይላል።

የኢትዮጵያ ድርሻ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በ1950 ዓ.ም.፣ በካናዳዊው አባ ፒየር ጉዊን መሪነት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የምድርን ማግኔታዊ መስክ መመዝገብ ጀመረ። አዲስ አበባ ለማግኔታዊው ወገብ ቅርብ በመሆኗ፣ በዚህ ስፍራ የሚደረግ ልኬት ለዓለም ልዩ ጥቅም አለው። ሳይንቲስቶች የምድርን መስክ የሚያሰሉበት ቀመር የሚታነጸው እንዲህ ካሉ ጣቢያዎች መዝገብ ነው።

ስለዚህ የሰማዩ ካርታ ከሰማይ ብቻ አልተሣለም። ጩኸትን ያዳመጠ መሐንዲስ፣ ሞገድን የለካ ተመራማሪ፣ በየዕለቱ የመርፌን ንቅናቄ የመዘገበ ሠራተኛ፣ ሁሉም አሻራቸውን አኑረውበታል። ከሳንሱሲ ቀና ብሎ ለሚያይ ወጣትም፣ ያ ሰማይ የባዕዳን ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ በገዛ ከተማው የተጻፈ መዝገብ ያገዘው የጋራ ቅርስ ነው።