ከደብተር ወደ ስልክ

የዛሬዎቹ የክብደት መቀነሻ መተግበሪያዎች የተበላውን ይመዘግባሉ፣ ካሎሪ ይደምራሉ፣ ተጠቃሚውን በየዕለቱ ያስታውሳሉ። ዘዴው ግን ከስልኩ በብዙ ዓመት ይቀድማል።

እ.ኤ.አ. በ1918 የካሊፎርኒያዋ ሐኪም ሉሉ ሃንት ፒተርስ ባሳተሙት መጽሐፍ አሜሪካውያን ምግባቸውን በካሎሪ እንዲቆጥሩ አስተማሩ። በ1961 ደግሞ የኒውዮርክ ነዋሪዋ ጂን ኒዴች ጓደኞቻቸውን ቤታቸው ሰብስበው ስለ አመጋገብ ፈተናቸው በግልጽ መወያየት ጀመሩ። ከዚያ ስብሰባ በ1963 ዌይት ዋቸርስ የተባለው የክብደት መቀነሻ ድርጅት ተወለደ፤ የዛሬዎቹ መተግበሪያዎች የመደጋገፊያ ቡድኖችም ይህንኑ ፈለግ ይከተላሉ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1967 ነው።

ተመራማሪው ሪቻርድ ስቱዋርት ታካሚዎቻቸው የሚበሉትን ከነሰዓቱ በደብተር እንዲጽፉ፣ በአንድ ቦታ ብቻ እንዲመገቡ፣ በጉርሻና በጉርሻ መካከል ሹካቸውን እንዲያስቀምጡ አደረጉ። የአንድ ዓመቱን ሕክምና የጨረሱት 8 ታካሚዎች በሙሉ ክብደታቸው በግልጽ ቀነሰ። ውፍረትን የፈቃድ ድክመት አድርጎ ሰውን ከመውቀስ ይልቅ ልማዱንና አካባቢውን መለወጥ እንደሚቻል ማሳየታቸው ለብዙዎች እፎይታ ነበር።

በ2005 የተጀመረው የምግብ መመዝገቢያ ማይፊትነስፓል ያንን ደብተር ወደ ኢንተርኔት፣ ቀጥሎም ወደ ስልክ አሻገረው። ካሜራው የማሸጊያውን ባርኮድ ሲያነብ ካሎሪው ወዲያው ይታያል፤ አድካሚው ጽሕፈት ቀለለ። የስፖርት አልባሳት ኩባንያው አንደር አርመር በ2015 መተግበሪያውን በ475 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።