የጥር 23 ፈረሶች

ሰው በሚሞትበት፣ ኑሮ በከበደበት ዘመን ፈረስ ማስጌጥ ምን ይሉታል? ይህን ጥያቄ ከአንድም ሁለት ሦስት ሰው ሰምቻለሁ፤ በተለይ በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ። የጥያቄው ዒላማ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው። ጥር 23 ቀን፣ በወርኃዊው የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ የአዊ ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ይሰባሰባሉ። ፈረሱ በኮርቻና በግላስ ያጌጣል፤ ሜዳው በጉግስና በሽምጥ ይናጣል። ጠያቂዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ኀዘን ያለበት ቤት ሆነው ነው የሚጠይቁት። ይሁን እንጂ መልሱን ከማኅበሩ ታሪክ መፈለግ ይሻላል ባይ ነኝ።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም ነው። አንባቢ ይህን ዓመት ልብ ይበልልኝ። ብዙ ሰው “የአርበኞች መታሰቢያ” ሲባል ከድል በኋላ፣ ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ የተቋቋመ ይመስለዋል። በ1932 ግን ጣልያን ገና በዳንግላ፣ በእንጅባራና በቡሬ ምሽግ ይዞ ተቀምጧል። ዳንግላ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ቺዝማን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስል ተቀምጦባት፣ በበቅሎ እየዞረ ጣናንና ዓባይን ሲያጠና የኖረባት ከተማ ነበረች፤ በዚያን ጊዜ ግን የወራሪ ጦር ሰፈር ሆናለች። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደብድበው ከሞቱ፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግንቦት 1929 ዓ.ም ከተረሸኑ ገና ጥቂት ዓመት ነው። እነደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና እነደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በጎጃም ዱር ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል የገቡት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም ሲሆን፣ ጣልያን ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ የወጣው በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው። እንግዲህ ማኅበሩ ሲቆም ድሉ ከተራራው ማዶ ነበር። ይመጣል፣ አይመጣም፣ ማን ያውቃል?

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። በ1928 ዓ.ም ማይጨው ላይ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የፈረሰኛን ዘመን ዘግተውታል። እነዚህ ሰዎች ፈረስን የሚያከብር ማኅበር ያቋቋሙት ፈረስ በጦር ሜዳ ዋጋ ባጣ በአራተኛው ዓመት ነው። በጥቅም ብቻ ለሚያስብ ሰው ስሌቱ አይገባም። “ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም” ይላል ተረቱ፤ የአዊ ሽማግሌዎች ግን ላደረሰም ውለታ አለበት ያሉ ይመስለኛል።

ውለታው ወደ ዓድዋ ይመልሰናል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም እሑድ ነበር፤ የጊዮርጊስም ዕለት ነበር። የጎጃም ጦር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ በፈረስ ስማቸው በአባ ጠና፣ ተመርቶ ከዚያ ውሏል። የአገው ምድር ሰውና ፈረስም አብሮ ዘምቷል። አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ዚገም፣ ኳኩራ፣ ጫራ፣ መተከል፤ ሰባቱ ቤቶች እነዚህ ናቸው፤ በአፈ ታሪኩ ከላስታ በኩል የመጡ የሰባት ወንድማማቾች ልጆች። ከዓድዋ በኋላ አዲስ አበባ ለሰማዕቱ በአራዳ ስምንት ማዕዘን ያለው ካቴድራል ሠራችለት። የአዊ ገበሬ ግን ድንጋይ የሚያስጠርብበት ገንዘብ የለውም። ያለው ፈረስ ነው፤ እሱን አስጌጠ።

ከዚህ ላይ ስለ ሥዕሉ ካላወራሁ ነገሬ ይጎድላል። በየገጠር ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ይወጋል፤ ብሩታዊት ዛፍ ላይ ሆና ታያለች። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ሰማዕቱን የሮም ወታደር አድርገው መሣል አልፈለጉም። ጫማ አውልቀው፣ እንደ ሀበሻ ጋላቢ እርካቡን በአውራ ጣቱ አስረግጠው፣ ፈረሱን በአገሬው ጌጥ ሸልመው ሣሉት። የአዊ ገበሬ ቅዳሴ ሊያስቀድስ ገብቶ ቀና ሲል ግድግዳው ላይ የሚያየው የራሱን ፈረስ ነው። ቤቱ ሲመለስ ደግሞ በረቱ ውስጥ የቆመው ፈረስ የሥዕሉን ፈረስ ያስታውሰዋል። ውበት የሚባለው ነገር ሙዚየም ሳይሆን በረት ውስጥ ገብቶ ጭድ ሲበላ ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው!

ዓመታዊው የጊዮርጊስ በዓል ሚያዝያ 23 ሆኖ ሳለ ፈረሰኞቹ ጥርን ለምን መረጡ? የእኔ ግምት ተራ ነው፤ ጥር ላይ እህል ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ገበሬው ጥቂት ያርፋል። ሃይማኖት ከገበሬ ጋር ሲኖር ከአዝመራው ጋር መመካከሩ አይቀርም።

የከተማ ሰው የማያየው የማኅበሩ ሥራ ግን ከጥር 23 ውጭ ባሉት ቀናት ነው። ማኅበር ስንል ጽዋ የሚዞርበት፣ በሙሴ የሚመራ፣ በየተራ የሚደገስበት፣ አባል ሲታመም የሚጠየቅበት፣ ሲሞት የሚቀበርበት ነገር ነው። ፈረሰኞቹም የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የተቸገረ ይረዳሉ። አብረው ጠላ የጠጡና ጎን ለጎን የጋለቡ ሰዎች በወሰን ድንበር ሲጣሉ የሚሸመግላቸው አያጡም። ጌጡና ግልቢያው ያለዚህ ሥራ ባዶ ትርኢት በሆነ ነበር፤ ሥራውም ያለ ጌጡ ሰውን በዐሥር ሺዎች አይሰበስብም።

በግዕዙ የበዓል ዜማ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ “ዮም”፣ ዛሬ ማለት ነው። ልደቱም ጥምቀቱም “ያን ጊዜ” ተብሎ አይዜምም፤ ዛሬ ነው። የ1932ቱን ሰዎች የማስባቸው በዚህ ቃል ነው። ነፃነት ሲመጣ እናከብራለን ቢሉ ማን ይፈርድባቸው ነበር? እነሱ ግን ወራሪው ምሽግ ውስጥ እያለ “ዮም” አሉ።

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። በዚያው በወራሪው አገር፣ በሲዬና ከተማ፣ በየዓመቱ ሰኔና ነሐሴ ላይ በእመቤታችን በዓላት ፈረስ ይጋለባል፤ ከውድድሩ በፊት ፈረሱ የሰፈሩ ጸሎት ቤት ገብቶ ይባረካል። በየሰፈሩ ያለው ማኅበር ከዓመት እስከ ዓመት የሚኖረው ለዚያ ነው። የሲዬናን ፈረስ ለማየት ባሕር የሚሻገር የእኛ ሰው አለ፤ እንጅባራ ግን ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት።

ዛሬ በዓሉ ሰፍቷል፤ ባለሥልጣን ይመጣል፣ ንግግር ይረዝማል፣ በዩኔስኮ መዝገብ ማስፈር የሚል ጥረትም አለ። መልካም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ፈረስ ነው። በከተሞቻችን ጋሪ ሲጎትት ኖሮ ባጃጅ ሲመጣ እንጀራው የቀረበት፣ ጀርባው የቆሰለ፣ ሲያረጅ አስፋልት ዳር የሚለቀቅ። እሱም አድራሽ ነበረ፤ ዱቄቱንም፣ ሲሚንቶውንም፣ ምጥ የያዛትንም ሴት። ከበዓሉ ማግስት፣ ግላሱ ታጥፎ ሣጥን ሲገባ፣ ያ ፈረስ ዳር ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ መኪና ሲያልፍ ጆሮውን እንኳ ሳያነሣ ይቆማል።