ከተማና ደጁ፤ ታሪካዊ ከተሞቻችን ለጎብኚ የመቅለላቸውና የመክበዳቸው ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ተራ የሚመስል ጥያቄ ነው። ከአገራችን ታሪካዊ ከተሞች መካከል ለጎብኚ የሚቀልለው የትኛው ነው? የሚከብደውስ? የጉዞ መምሪያ መጻሕፍት ጥያቄውን በአጭሩ ይመልሱታል፤ አውሮፕላን የሚያርፍበት፣ አስፋልት የገባለትና ሆቴል ያለው ከተማ ቀላል ነው፤ እነዚህ የጎደሉት ከባድ ነው። ይህ መልስ ለተጓዥ ይበቃዋል። የታሪክ ተማሪ ግን ገና መጠየቅ ይጀምራል። አስፋልቱ በዚህ በኩል ያለፈው ለምንድን ነው? ከዚያ በፊትስ ወደዚህ ከተማ ማን፣ በየት በኩል፣ በማን ፈቃድ ይገባ ነበር?

ላስረዳ የምሞክረው ሐሳብ ይህ ነው። አንድ ከተማ ለጎብኚ መቅለሉ ወይም መክበዱ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው፤ በነገሥታት፣ በነጋዴዎች፣ በኩባንያዎችና በጦርነቶች ውሳኔ ይሰጣል፣ ይነሣልም። ደጁ የተከፈተለት ከተማ ጎብኚን ብቻ አያገኝም፤ ጸሐፊንም ያገኛል። ስለዚህ የመንገድ ታሪክ የታሪክ አጻጻፋችንም ታሪክ ነው።

አክሱምን፣ ጎንደርን፣ ሐረርንና ላሊበላን አነጻጽራለሁ። ለአራቱም ሦስት ጥያቄ አቀርባለሁ፤ ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? የሚያስገባው የማን ፈቃድ ነው? የደረሰውን እንግዳ የሚቀበለው ማን ነው? ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ከአክሱም ልጀምር። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈውና በተለምዶ «ፔሪፕለስ» የሚባለው የባሕር ነጋዴዎች መምሪያ ወደ አክሱም የሚወስደውን መንገድ በቀን ይቆጥረዋል፤ ከአዱሊስ ወደብ በደጋው ላይ እስካለችው ቆሎኤ ሦስት ቀን፣ ከቆሎኤ እስከ አክሱም አምስት ቀን። ስምንት ቀን ማለት ነው። የመምሪያው ጸሐፊ ከተማዪቱን የሚያነሣት ስለ ዝሆን ጥርስ ሲል ነው፤ ሐውልት ለማየት የሚመጣ እንግዳ በሐሳቡ አልነበረም። ዋናው ቁም ነገር ግን የአክሱም ደጅ በምሥራቅ፣ በባሕሩ በኩል መሆኑ ነው። ከተማዪቱ ለዓለም ቅርብ የነበረችው ቀይ ባሕር ቅርቧ ስለነበረ ነው።

ይህ ደጅ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን የአክሱም ሐውልት ጉዞ በግልጽ ያሳየናል። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በ1937 ሐውልቱን ወስዶ ወደ ምጽዋ አወረደው፤ ከዚያም በመርከብ ወደ ኢጣልያ ተሻገረ። የወጣው በጥንቱ ደጅ በኩል ነበር ማለት ነው። በ2005 ሲመለስ ግን ያ መንገድ አልነበረም፤ ከ1998 እስከ 2000 ከተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ ድንበሩ ተዘግቷል። 160 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሐውልት በሦስት ተከፍሎ በግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ተጓጓዘ፤ አውሮፕላኑን ለመቀበልም የአክሱም ማረፊያ መሻሻል ነበረበት። በእግር የስምንት ቀን ጎዳና የነበረው ለሐውልቱ መመለሻ ሊሆን አልቻለም። ተራራው ያው ነው፤ ባሕሩም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። የተለወጠው ፈቃዱ ነው።

ወደ ጎንደር ስንሻገር የፈቃድ ነገር ይበልጥ ይጎላል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ገደማ ከተማዪቱን ሲመሠርቱ መቀመጫቸውን ያደረጉት የንግድ መንገዶች በሚገናኙበት አገር ነው። አንዱ መንገድ በመተማ በኩል ወደ ሴናር ይወርዳል፤ ሌላው በሰሜን በኩል ወደ ምጽዋ ያመራል፤ ሦስተኛው በጎጃም አድርጎ የደቡቡን ወርቅና ዝባድ ያመጣል። ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ ይገባል፣ ይወጣል። ይሁን እንጂ ዬሱሳውያንን ያባረሩት እኚሁ ንጉሥ የካቶሊክ ካህናት በምጽዋና በሱዋኪን በኩል እንዳያልፉ ከቱርክ ሹማምንት ጋር ተስማምተው ነበር። ስለዚህ «ጎንደር ለእንግዳ ክፍት ነበረች ወይስ ዝግ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ እንደ እንግዳው ማንነት ይለያያል። ለሴናሩ ነጋዴ ክፍት ነበረች፤ ለሮማው ቄስ ዝግ ነበረች። የገባውም ቢሆን በፈለገበት ሠፈር አያድርም፤ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በ1668 የተካሄደው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኗል።

የተዘጋ ደጅ የሚከፈትበት መንገድም ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1699 በሴናር በኩል ጎንደር የገባው ዐፄ ኢያሱን እንዲያክም ተፈልጎ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በመስከረም 1769 ምጽዋ ላይ ወርዶ ጎንደር የደረሰው በየካቲት 1770 ነው። ከዚህ ጊዜ ከፊሉን የወሰደው በምጽዋ የናይቡን ፈቃድ መጠበቅ ነበር። ብሩስም በቤተ መንግሥት ተቀባይነት ያገኘው በፈንጣጣ የታመሙትን በማከሙ ነው። በዚያ ዘመን የጎንደር የይለፍ ወረቀት መድኃኒት ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። በዚያ ዘመን ስለ ጎንደር በአውሮፓ ቋንቋዎች ከተጻፈው ብዙው በእነዚህ ሁለት ሰዎች እጅ በኩል የመጣ መሆኑንም ልብ በሉ።

በወረራው ዘመን ኢጣልያኖች ከአስመራ ተነሥቶ በሊማሊሞ ገደል ጎንደር የሚደርስ የመኪና መንገድ ሠሩ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ከአዲስ አበባ በዓባይ በረሓ ተሻግሮ የሚመጣው መንገድ ክብደቱን ጨመረ። የነገሥታት መዲና የነበረችው ከተማ በሌላ መዲና መንገድ ዳር የምትገኝ ከተማ ሆነች።

አሁን ጥቂት ልቆይባት ወደምፈልጋት ሐረር ልምጣ። ሐረር በአውሮፓውያን ጽሑፍ «የተከለከለችው ከተማ» እየተባለች ትጠራለች። ይህ ስም የወጣላት እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ገብቶ ዐሥር ቀን ቆይቶ ከወጣ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ምክንያት ነው። እስቲ በሦስቱ ጥያቄዎቻችን እንመርምረው።

በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት የጀጎል ግንብ አምስት በሮች አሉት። በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር እንላቸዋለን፤ ሐረሪዎች በራሳቸው ቋንቋ የሚጠሯቸው ሌሎች ስሞች አሏቸው። በሮቹ ማታ ይዘጉ፣ ጠዋት ይከፈቱ ነበር። የኦሮሞ ገበሬ እህልና ቡናውን፣ የሶማሌ አርብቶ አደር ከብቱን፣ የአርጎባ ነጋዴም ሸቀጡን ይዞ በእነዚህ በሮች ይገባ ነበር። ከዘይላ የሚመጣው ቅፍለት በአባን፣ ማለትም ዋስና ጠባቂ በሆነ የአገሩ ሰው፣ ከለላ ይጓዛል። ከተማዪቱ የራሷን ገንዘብ ታትም ነበር። ቁርአን ለመማርና የአውልያ መቃብር ለመዘየርም ሰዎች ከሩቅ ይመጡ ነበር፤ በ2006 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ሥፍራዎች ተቆጥረውላታል። እንዲህ ያለችው ከተማ «የተከለከለች» የምትባለው ማንን ቆጥረን ነው? ክልከላው ለአውሮፓዊ ክርስቲያን እውነት ነበር። የአንድ ወገን እንግዳ ገጠመኝ ግን የከተማዪቱ ባሕርይ ተደርጎ ተጻፈ፤ እኛም ሳንመረምር ተቀበልነው።

ከዚያ በኋላ ደጁ በኃይል ተከፈተ። ግብፃውያን በ1875 ገብተው እስከ 1885 ቆዩ፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1880 መጨረሻ የኤደን ነጋዴዎች ተቀጣሪ ሆኖ ሐረር የደረሰው በእነርሱ ዘመን ነው። በጥር 1887 ንጉሥ ምኒልክ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረርን ያዙ። ሐረር ያን ጊዜ የምሥራቁ ዋና ገበያ ነበረች። ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ውል ሲሰጡ የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ እስከ ሐረር እንዲሆን ታስቦ ነበር።

ባቡሩ ግን ሐረር አልደረሰም። ሐረር ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከሥሯ ያለው ሜዳ 1,200 ሜትር ላይ። ወደ ደጋው ሐዲድ ማውጣት ገንዘብ ለጎደለው ኩባንያ የማይቻል ሆነ። በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ሜዳው ላይ ቆመ፤ በቦታውም አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ የጸናለት ስም ግን ድሬዳዋ ነው። በ1917 ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲገባ የሳምንታቱ የቅፍለት ጉዞ ወደ ሦስት ቀን ወረደ። ሐረር ግን ከመስመሩ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ቀረች። ኩባንያው ሐረርን ለመጉዳት አልተነሣም፤ ያደረገው ወጪ መቀነስ ነበር። ያም የሒሳብ ውሳኔ የዘመናት ገበያ የነበረችውን ከተማ በሌላ ከተማ በኩል የሚደረስባት አደረጋት። ዛሬም ወደ ሐረር በአየር የሚጓዝ ሰው የሚያርፈው ድሬዳዋ ነው።

ላሊበላ እስካሁን የተናገርሁትን ሁሉ የሚፈትን ጉዳይ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ጎብኝቶ ለአውሮፓ አስተዋውቋል፤ መጽሐፉ በ1540 ታትሟል። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ከውጭ የደረሰባቸው እጅግ ጥቂት ሰው ነው። በላስታ ተራሮች መካከል ያለች ከተማ ናትና በውጭ ሰው ሚዛን ከአራቱ ሁሉ የከበደችው እርሷ ነበረች። ሆኖም በየዓመቱ ለገና በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ፣ አንዳንዱ ሳምንታት በእግሩ ተጉዞ፣ ስንቁን በጀርባው ይዞ ይደርስባት ነበር፤ ዛሬም ይደርስባታል። ለዚህ ተሳላሚ መንገዱ መክበዱ ጉድለት አይደለም፤ ድካሙ የስለቱ አካል ነው። በየመንደሩ የሚያሳድረው፣ ሲደርስም እግሩን የሚያጥበው ሰው አለ። ስለዚህ ቅለትን በሰዓትና በኪሎ ሜትር ብቻ ስንለካ፣ ከሁሉ በላይ የተጎበኘችውን ከተማ «ሩቅ» ብለን እንመዘግባለን።

በ1946 መብረር የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ በ1960ዎቹም በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት የተደራጀው የቱሪዝም ሥራ ይህን ካርታ እንደገና ሣሉት። ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን የሚያያይዘው ጉዞ «ታሪካዊው መስመር» ተባለ። ሥራው ታላቅ ሥራ ነው፤ በእግር ሳምንት የሚፈጀውን ወደ ሰዓት አሳጥሯል። ሆኖም ስሙን አስተውሉት። አንዱ መስመር «ታሪካዊ» ሲባል፣ ከመስመሩ ውጭ ያለው ምን ሊባል ነው? ላሊበላ በ1978፣ የፋሲል ግቢ በ1979፣ አክሱም በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ሐረር ጀጎል እስከ 2006 ጠበቀች። ለዚህ መዘግየት መንገድ ብቻውን ምክንያት ነው አልልም፤ የፖለቲካና የሃይማኖት ሚዛንም አለበት። ነገር ግን ጎብኚ የሚደርስበት ቦታ አጥኚ ይደርስበታል፤ አጥኚ የደረሰበትም ቦታ መዝገብ ውስጥ ይገባል።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚመርጥ ተማሪ ካማክርባቸው ጥያቄዎች የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ «ቦታው መድረስ ይቻላል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው አግባብ ነው፤ የተማሪ ገንዘብ ትንሽ ነው፣ ጊዜውም አጭር። ውጤቱ ግን በዓመታት ሲጠራቀም ከባድ ይሆናል። መንገድ ያለው ከተማ ምንጭ ያገኛል፤ ምንጭ ያለው ከተማ ተጨማሪ ጥናት ይስባል። መንገድ የሌለው ከተማ ታሪክ እንደሌለው ይቆጠራል። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን በተካሄደው ጦርነት ወደ አክሱምም ሆነ ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራ ሲቋረጥ፣ ቀላል ያልናቸው ከተሞች በአንድ ወቅት ውስጥ ሊርቁ እንደሚችሉ በዓይናችን አይተናል።

በ2016 የተመረቀው 752 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው አዲሱ የጅቡቲ ባቡርም የ1902ን ጥያቄ እንደገና ያነሣል። አሮጌዎቹ ጣቢያዎች በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መሀል ከተማ ነበሩ፤ አዲሶቹ ከከተማ ዳር ናቸው። መሐንዲሱ ምክንያት አለው፤ የኢልግ ዘመን መሐንዲስም ምክንያት ነበረው። በነዚህ ጣቢያዎች ዙሪያ ምን እንደሚበቅል፣ በአሮጌዎቹ ዙሪያ ምን እንደሚደርቅ አሁኑኑ መመዝገብ ያለበት የእናንተ ትውልድ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎች የማቀርበው ምክር አጭር ነው። ስለ አንድ ከተማ ስትጽፉ ቤተ መንግሥቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን ከመግለጻችሁ በፊት ደጁን ግለጹ። «ሩቅ ነው» ወይም «ዝግ ነበር» የሚል ምንጭ ስታገኙ፣ ለማን ሩቅ፣ ለማን ዝግ እንደሆነ ጠይቁ። በአንዱ በር ያልገባ እንግዳ ሲያማርር፣ በሌሎቹ አራት በሮች ማን ሲገባ እንደዋለ ፈልጉ። ከጥናታችሁም አንዱ እንኳ ባቡርም አውሮፕላንም ባልደረሰበት ከተማ ላይ ይሁን።