መጥረቢያው ይሰጥ የነበረው ጊዜ

«በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው፤ ዛፍ አንዴ ከተጋደመ በኋላ ቆራጭ አይታጣም። ጭንቁ ያለው ገና ባልወደቀው ዛፍ ሥር ነው። ወዴት ይወድቃል? ማን ላይ? የእኛን የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ታሪክ ባገላበጥኩ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣብኛል።

አዳማ ስሟን ከተክል እንደወሰደች ይነገራል፤ በኦሮምኛ «አዳሚ» ቁልቋል ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ምድር ባቡር ከአዋሽ ወደ ሞጆ ሲወጣ የሚያልፈው የግራር አገር ነበር። ግራር ጠማማ ነው፣ እሾህ አለው፣ ክብደቱም ወደ አንድ ወገን ያደላል። እንደ ሳንቃ ስለማይሰነጠቅ ዕጣው ማገዶና ከሰል ሆነ። የአብያታ ሻላ ፓርክ ግራሮች እንዴት እንደሳሱ ወደ ሻሸመኔ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል፤ በማዳበሪያ የታሰረው ከሰል መንገድ ዳር ተደርድሮ ይጠብቀዋል።

ደጋው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ልትለቀቅ ደርሳ ነበር፤ ለአዲስ ዓለም መቆርቆር አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የገባው ባሕር ዛፍ ከተማዋን አተረፋት፤ ከዚያ ወደ ሌሎች ከተሞች ወርዶ የግቢ አጥርና የቤት ማገር ሆነ። ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ቆራጩ እየተመላለሰ ይቆርጠዋል።

ይህ ሁሉ ሲቆረጥ የኖረው በመጥረቢያና ሁለት ሰው በሚጎትተው መጋዝ ነው። መጥረቢያ አድካሚ ነው፤ አንድ ነገር ግን ይሰጣል፦ ጊዜ። ቆራጩ ትንሽ ይመታል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ግንዱ ሲንቋቋ ይሰማል፣ ካስፈለገ ገመድ ያስራል፣ ልጆቹን «ወዲያ በሉ!» ይላል። እየቆረጠ ያስባል ማለት ነው።

የሞተር መጋዝ ይህን ጊዜ ወሰደው። ጀርመናዊው አንድሬያስ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1926 የሠራው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መጋዝ ለሁለት ሰው እንኳ ሸክም ነበር። አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘው መጋዙ የወጣው በ1950 ነው። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ጆሴፍ ኮክስ የጥንዚዛ እጭ እንጨቱን ግራና ቀኝ እየፋቀ ሲበላ አይቶ የሰንሰለቱን ጥርስ በዚያ አምሳል ሠራው። ዛሬ ያለው ሰንሰለት የዚያ ልጅ ነው። የግማሽ ቀን ሥራ የደቂቃዎች ሆነ።

ታዲያ ማሰቡ የት ይግባ? ከሥራው በፊት። የሠለጠነ ቆራጭ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ዛፉን ይዞረዋል። ወዴት እንዳዘነበለ፣ የደረቀ ቅርንጫፍ እንዳለው፣ ነፋሱ ከየት እንደሆነ፣ የመብራት ሽቦ በየት እንደሚያልፍ ያያል። ከኋላው ሰያፍ ወደ ጎን የሚሸሽበትን መንገድ ይጠርጋል። ሌላውን ሰው ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ያርቃል። ከዚያ ዛፉ እንዲወድቅ በሚፈልገው አቅጣጫ፣ ከግንዱ ውፍረት ሩብ ያህል ገብቶ እንደ ሐብሐብ ቁራጭ ያወጣል። በኋላ በኩል ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆርጣል፤ ግን አይጨርሰውም። በመሃል ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ የሚሆን እንጨት ይተዋል። ይህ እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ዛፉን እየመራ ያወርደዋል። ማጠፊያውን የበጠሰ ሰው ዛፉን ለዕድል ሰጠው። የመጋዙ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ ደግሞ መሣሪያው ፈንጥሮ ወደ ፊት ይመለሳል።

ይህ ትምህርት ለእኛ ሩቅ አገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሻሸመኔ አጠገብ ወንዶ ገነት ላይ የደን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በኋላም በስዊድን ድጋፍ አደገ፣ ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ዝግባው የታወቀው የሙነሳ–ሻሸመኔ ደንም እዚያው ነው፤ የተተከለው የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ በሥርዓት ተቆርጦ የሚሸጥበት።

ነገር ግን እውቀቱ ደን ውስጥ ቀረ፣ መጋዙ ከተማ ገባ። አዳማ ውስጥ ግቢው ያደገበት ባሕር ዛፍ የሚያስቆርጥ ሰው በዛፍ ቁጥር ተዋውሎ ወጣት ይቀጥራል። ልጁ በነጠላ ጫማ፣ ያለ ቆብ፣ ያለ መነጽር ይመጣል፤ ከላይ ሽቦ፣ ከታች የጎረቤት ቆርቆሮ። ጎበዝ ነው፣ አይካድም። ጉብዝናው ግን መጥረቢያ ላይ የተማረው ነው፤ እየቆረጠ ሊያስብ ይሞክራል፣ መጋዙ ግን አይጠብቀውም።

ስለዚህ የሚቀጥር ሰው ከዋጋው ክርክር በፊት ይጠይቅ፦ ወዴት ትጥለዋለህ? በየት ትሸሻለህ? ሽቦው እንዲጠፋ ለመብራት ኃይል ተነግሯል? መልስ ከሌለው ዛፉ ሌላ ቀን ይቆይ። ባሕር ዛፍ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ሰው አያቆጠቁጥም።