የተሽከርካሪ የጎን መስታወት፦ አመጣጡና አሰባበሩ

የመኪና የጎን መስታወት ሲሰበር የማይጠገነው፣ ፈረንሳዊው ሩዋዬ ዴ ላ ባስቲ እ.ኤ.አ. በ1874 በፈጠራ መብት ባስመዘገበው የማጠንከር ዘዴ ላይ በተመሠረተ ባሕርዩ ምክንያት ነው። ዘዴው የጋለውን መስታወት በሞቀ ዘይትና ስብ ውስጥ መንከር ነበር፤ ገጹ ከመሐሉ ቀድሞ ሲቀዘቅዝ ገጹ ይጨመቃል፣ መሐሉ ይወጠራል፣ በመሆኑም መስታወቱ ብርቱ ምት የሚችለውን ያህል፣ ውጥረቱ በአንድ ነጥብ ከተፈታ መላ አካሉ ወደ ጠጠር መሰል ቅንጣቶች ይበተናል። የፊት መስታወት የተወለደው ከሌላ ሐሳብ ነው፤ ኬሚስቱ ኤድዋር ቤኔዲክቱስ እ.ኤ.አ. በ1909 ያስመዘገበው፣ በሁለት መስታወቶች መካከል ስስ ሴሉሎይድ የተጣበቀበት ድርብርብ መስታወት ስለሆነ፣ የዛሬው ዝርያው ሲሰነጠቅ እንኳ ስብርባሪውን ይዞ ይቆያል፤ ትንሽ ስንጥቅ ከሆነም ሙጫ ተሞልቶ ይጠገናል።

መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረበው ኤስ ክላስ የተባለ መኪና የጎን መስኮቶቹን ጥንድ አደረጋቸው፤ ይኸውም ድምፅንና ጤዛን ለመከላከል በሁለት መስታወቶች መካከል የታሸገ ክፍተት መተው ነበር። ሆኖም የጠርዙ ማሸጊያ ሲያረጅ እርጥበት ወደ ክፍተቱ ይገባና፣ ጤዛን ይከላከላል የተባለው መስኮት (ምጸቱ ግልጽ ነው) በምንም ጨርቅ በማይወለወል ጉም ስለሚሸፈን፣ ሳይሰበር ጥንዱ በሙሉ ይለወጣል።