የሳኦ ፓውሎው ሳጥን

እስቲ አንድ ታሪክ ላውጋችሁ። ነገሩ የሚነሳው ከብራዚል፣ ከሳኦ ፓውሎ ከተማ ነው። የጊታር ተጫዋችን ሸክም መቼም ታውቁታላችሁ፦ ድምፁን የሚያሻክረው ዲስቶርሽን አንድ ፔዳል፣ ድምፁን አዘግይቶ የሚደግመው ዲሌይ ሌላ ፔዳል፣ እንደ አዳራሽ የሚያስተጋባው ሪቨርብ ደግሞ ለብቻው፤ በዚያ ላይ የሁሉም ገመድ። ጂያንፍራንኮ ቼኮሊኒ የተባለ ብራዚላዊና ባልደረቦቹ ይህን ሁሉ በእግር በሚረገጥ አንድ ትንሽ ሳጥን ውስጥ እናስገባው አሉ። እንዲህ ያለ ሳጥን ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም ይሠሩ ነበር። የእነሱ ግን የታሸገ ነው፤ ፋብሪካው ካስቀመጠላችሁ ድምፅ ውጭ ሌላ አታገኙም። እነ ቼኮሊኒ ሳጥናቸው ውስጥ ያስገቡት ሊኑክስን ነው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረውን፣ ማንም ከፍቶ ሊያየውና ሊያሻሽለው የሚችለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም።

አሁን ከባዱን ስሙ። ክሩ ሲመታ ሳጥኑ ድምፁን በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። 128 ቁጥር ሲሞላለት አንድ ላይ አንስቶ፣ በዲስቶርሽኑም በዲሌዩም አሳልፎ መልሶ ያወጣዋል። ለዚህ ሁሉ ሥራ ያለው ጊዜ ከ3 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ነው! በዚያች ቅጽበት ፕሮሰሰሩ ወደ ሌላ ጉዳይ ዞር ካለ ድምፁ ይቆረጣል፣ ሕዝብ ፊት ይንጣጣል። ሊኑክስ ሲጀመር ለሙዚቃ የታሰበ አልነበረም። ፖል ዴቪስ ጃክ የተባለውን፣ ድምፅን ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ሳያዘገይ የሚያሻግር ሶፍትዌር ጻፈ። ሌሎች ደግሞ አጣዳፊው ሥራ ሁልጊዜ እንዲቀድም የሊኑክስን እምብርት ለዓመታት ሲያስተካክሉ ኖሩ፤ ልፋታቸው ተጠቃሎ ወደ ዋናው ሊኑክስ የገባው ገና እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። እነዚህን ሰዎች መድረክ ላይ የሚያመሰግናቸው የለም፤ እኔ ግን ላመሰግናቸው እወዳለሁ።

እናላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሞድ ዱዎ የተባለውን ሳጥን ይዘው ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ወደ ሕዝብ ወጡ፤ ገንዘቡም ተዋጣላቸው። ድርጅታቸውም ወደ በርሊን ተሻገረ። ሳጥኑን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ስታገናኙት በብሮውዘር ባዶ ሰሌዳ ይከፈትላችኋል። ፔዳሎቹን በማውስ እየጎተታችሁ ትደረድራላችሁ፣ ገመዱንም በማውስ ከአንዱ ወደ አንዱ ትዘረጋላችሁ። ድምፁን ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን እንዳለ፣ ሌላውን በዲሌይ አሳልፋችሁ መጨረሻ ላይ ብታገናኙት ተጨማሪ ዕቃ አይጠይቃችሁም። የእግር ማብሪያው የትኛውን ፔዳል እንደሚያዝ መርጣችሁ ታስቀምጡታላችሁ። ከዚያ ላፕቶፑ ቤት ይቀራል፤ ሳጥኑ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ወደ መድረክ ይሄዳል።

እኔን ከሁሉ አብልጦ ደስ የሚያሰኘኝ ግን ይሄ ነው። ሃርሞናይዘር የሚባለው ፔዳል ለምትመቱት ድምፅ አጃቢ ድምፅ ይጨምራል፤ የትኛውን እንደሚጨምር እንዲያውቅ ቅኝቱ ሊነገረው ይገባል። የታሸጉት ሳጥኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት የምዕራባውያኑን ሜጀርና ማይነር ነው። አንቺ ሆዬ ደግሞ አምስት ድምፅ ብቻ አለው፤ ከግማሽ ድምፅ ቀጥሎ ሰፊ ዝላይ ይዘላል። በሜጀር ሲታጀብ ከቅኝቱ ይወጣል። የሞድ ሃርሞናይዘር ምንጭ ኮድ ክፍት ስለሆነ፣ ፕሮግራም መጻፍ የሚያውቅ ሰው አንቺ ሆዬንም ባቲንም ሊጨምርበት ይችላል፤ የማንንም ፋብሪካ ደጅ ሳይጠና! ኤሌክትሪክ ክራር የሚመታም ያንኑ ገመድ ሰክቶ ይጫወትበታል።

ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2022 የበርሊኑ ድርጅት ከሰረ። የታሸገ ሳጥን ቢሆን ኖሮ ኮዱም አብሮት በተቀበረ ነበር። የሞድ ኮድ ግን አስቀድሞ በሰው እጅ ገብቷል፤ ብሎካስ የተባለው የሊቱዌኒያ ድርጅት ራስፕቤሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ አድርጎታል። ሥራው ሞድ ኦዲዮ በሚል ስም ቀጠለ፤ ቆይቶም ሞድ ዴስክቶፕ የሚባል፣ ያንኑ ሰሌዳ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ላፕቶፕ ላይ የሚከፍት ፕሮግራም ወጣ።

ስለዚህ ሳጥኑን ለመግዛት አቅም ያጠረው ልጅ ጊታሩን የጊታር ድምፅ ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ዛሬ ማታ መጀመር ይችላል። የምመክረው በአንድ ዲሌይ ብቻ እንዲጀምር ነው፤ የዲሌዩን ጊዜ ከዘፈኑ ምት ጋር እስኪያስማማ ድረስ ሁለተኛ ፔዳል አይጨምር።